የዘማቹ ክብርና የመዝገቡ እውነት

በማናቸውም ጦርነት የሚዋጉት ብዙዎች ሲሆኑ የሚመዘግቡት ግን ጥቂቶች ናቸው። ምሽግ የሚሰብረው፣ ቁስለኛ የሚሸከመው፣ ስንቅና ጥይት የሚያመላልሰው ሠፊው ሕዝብ ነው። የዘማቹን ስም፣ የክፍሉን መጠሪያና የቆሰለበትን ቀን በቀለም የሚያሠፍረው ግን አንድ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው የዘለለው ስም ከሽልማት ይዘለላል፤ ከጡረታ ይዘለላል፤ ውሎ አድሮም ከታሪክ ይዘለላል። በጦር ሜዳ አንድ ሆኖ የወደቀና የተነሣ ሠራዊት፣ ወረቀት ላይ ሲደርስ «የታወቀ» እና «ያልታወቀ» በሚል ለሁለት ይከፈላል።

«በውጊያ ላይ ነበርሁ፤ መዝገቤ ይታረምልኝና የሚገባኝ ሜዳይ ይሰጠኝ» የሚል ዘማች ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ክፍፍል ነው። ጥያቄው በላይ በላዩ ሲታይ የአንድ ሰው የግል ክብር ጉዳይ ይመስላል። በጥልቀት ሲመረመር ግን የታሪክን ሠሪ ማን መዘገበው? ሳይመዘገብ የቀረውስ እንዴት ይካሳል? የሚል የመላው ኅብረተሰብ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ ዞን ተብሎ በሚጠራው፣ በቀድሞው የአገው ምድር አውራጃ፣ ማለትም በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ከተደረገው ተጋድሎ ጋር አያይዘን እንመለከተዋለን።

ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት በጉዳዩ ላይ የሚሰነዘሩ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶችን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው «ጀግና ሜዳይ አይጠይቅም፤ የተዋጋው ለአገሩ እንጂ ለብረት ቁራጭ አይደለም» የሚለው ነው። አባባሉ ከላይ ሲታይ ያማረ ይመስላል። ነገር ግን ይህን የሚለው ብዙውን ጊዜ ሜዳዩ በደረቱ ላይ ያለው ወይም ከነጭራሹ ያልዘመተው ሰው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሜዳይ ብረት ብቻ አይደለም። ኅብረተሰቡ «ያደረግኸውን አውቃለሁ» ብሎ በአደባባይ የሚሰጠው ቃል ነው። ስለሆነም ዘማቹ የሚጠይቀው ብረቱን ሳይሆን ቃሉን ነው።

ሁለተኛው አመለካከት «በመዝገብ ላይ የሌለ አልነበረም» የሚለው ቢሮክራሲያዊ አስተሳሰብ ነው። ይህ አስተሳሰብ መዝገቡን ከተግባሩ ያስቀድማል። መዝገብ የተግባር ነጸብራቅ እንጂ የተግባር ፈጣሪ አለመሆኑን ይዘነጋል። መስተዋት ቢሰበር ፊት አይጠፋም። መዝገብ ቢቃጠል፣ ቢጠፋ ወይም ከመጀመሪያው ባይጻፍ የተተኮሰው ጥይት እንዳልተተኮሰ፣ የፈሰሰው ደም እንዳልፈሰሰ ሊቆጠር አይችልም።

ትክክለኛው አቋም ከሁለቱም የተለየ ነው። መዝገብ አስፈላጊ ነው፤ አስፈላጊ በመሆኑም ስሕተቱ መታረም አለበት።

የአገው ምድር አርበኛና የዘንባባው ቅጠል

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የፋሺስት ወረራ ዘመን ዳንግላና እንጅባራ የጣሊያን ጦር የሠፈረባቸው ቦታዎች ነበሩ። በአካባቢው ገጠርና ደን ውስጥ ግን ጠላት ከምሽጉ ርቆ በሰላም የሚውልበት ጊዜ አልነበረም። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ከመሯቸው አርበኞች ጀምሮ በየጎጡ እስከተነሡት ስማቸው እስካልተነገረው ታጣቂ ገበሬዎች ድረስ ትግሉን ያካሄደው የአካባቢው ሕዝብ ነበር። በ1932 ዓ.ም. ክረምት በኮሎኔል ሳንድፎርድ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም በገባ ጊዜ ሥራውን ያካሄደው ዛሬ በአዊ ዞን ውስጥ በምትገኘው በፋግታ ተቀምጦ ነው። ያን ቡድን ያስጠጋው፣ የመገበውና መንገድ የመራው ያው ሕዝብ ነበር።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን ምድር ከረገጡ በኋላ በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጡ፣ ጠላት ዳንግላንና እንጅባራን እየለቀቀ ነበር። የነፃነቱ ጉዞ በእንጅባራና በቡሬ አልፎ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ደረሰ።

ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው አንድ ነጥብ አለ። በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር በቁጥር ከ2 ሺህ ያልበለጠ ነበር። ሆኖም በዚያ ጦር ውስጥ የነበሩት የእንግሊዝና የሱዳን ወታደሮች የተራ ቁጥር፣ የደመወዝ ደብተርና የክፍል መዝገብ ነበራቸው። ከጎናቸው የተዋጋው አርበኛ ግን ደመወዝ አይከፈለውም፤ ቁጥር የለውም፤ «የእገሌ ሰው» እየተባለ በአለቃው ስም ይጠራ ነበር። በአንድ ኮረብታ ላይ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠላት ላይ የተኮሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ወረቀት ሲኖረው ሌላው የነበረው የጓደኞቹ ምስክርነት ብቻ ነው።

ከነፃነት በኋላ ለአርበኞች ሜዳይ ሲሰጥ ይህ ልዩነት ትርጉም አገኘ። በአርበኝነት ሜዳይ ጥብጣብ ላይ የሚሰካው የዘንባባ ቅጠል አርበኛው የታገለበትን ዘመን በዓመት ይቆጥራል፤ አንድ ዓመት የታገለ አንድ፣ አምስቱንም ዓመት በዱር የኖረ አምስት ቅጠል ይኖረዋል። እንግዲህ አለቃው በመካከሉ የሞተበትን፣ ወደ ሌላ አለቃ የተዛወረውን ወይም ሁለቱን ዓመት በቁስል ተኝቶ የከረመውን ገበሬ እናስብ። ማን ይመሰክርለታል? የአምስት ዓመት ተጋድሎ የሁለት ዓመት ቅጠል ሆኖ ቢቀር ሦስቱ ዓመት የት ገባ? የመዝገብ እርማት ጥያቄ እንግዲህ የሦስት ቅጠል ጉዳይ ሳይሆን የሦስት ዓመት ረኀብ፣ ብርድና ደም ጉዳይ ነው።

የውስጥ አርበኛው ሁኔታ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። በጠላት ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ጥይትና ወሬ የሚያወጣ ሰው ሥራው የሚሠምረው ሳይታወቅ ሲቀር ነው። በጊዜው ስሙ በወረቀት ላይ መገኘቱ ሞቱ ነበር። ከነፃነት በኋላ ግን ያው የወረቀት አለመኖር እንደ ጉድለት ተቆጠረበት። እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ ጥቂት ሴቶች ስማቸው ተርፎ ሲታወስ፣ በየመንደሩ እህል ፈጭተው፣ ስንቅ ተሸክመውና መልእክት አድርሰው የታገሉት እናቶች በአብዛኛው ከየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አልገቡም።

ከዚህም በላይ ክብር የሚሰጠው ወገን በመዝገቡ ላይ የራሱን ጥቅም ያንጸባርቃል። ከነፃነት በኋላ ከዱር የወጣው አርበኛ፣ ከስደት የተመለሰውና ለጠላት ያደረው ለአንድ ሹመት ሲሻሙ የሹመቱ ሚዛን ሁልጊዜ ወደ አርበኛው እንዳላደላ የታወቀ ነው። የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ ደጃዝማችነት ተሰጥቶት ሳለ ብዙም ሳይቆይ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ በጥር 1937 ዓ.ም. በስቅላት መቀጣቱ ለዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ ነው። ዛሬ ስሙ በሕዝብ አፍ ላይ ያለው በመዝገብ ኃይል ሳይሆን በሕዝብ ትዝታ ኃይል ነው። ይሁንና የሕዝብ ትዝታ ታላላቆቹን ያነሣል እንጂ እያንዳንዱን ተራ ታጋይ ሊይዝ አይችልም።

ስም፣ ቦታና ዘመን

የመዝገብ ስሕተት ሁሉ ከተንኮል የሚመነጭ አይደለም። አብዛኛው የሚመነጨው ከስም፣ ከቦታና ከዘመን አቆጣጠር መዘበራረቅ ነው። ሦስቱን በተራ እንይ።

ስለ ስም። አንድ ሰው የቤት ስም፣ የክርስትና ስምና የፈረስ ስም ሊኖረው ይችላል። በጦር ሜዳ ጓደኞቹ «አባ እገሌ» እያሉ በፈረስ ስሙ የሚጠሩት ሰው በመዝገብ ላይ በሌላ ስም ይገኛል። በአዊ ደግሞ የቋንቋ ጉዳይ ይጨመራል። አውኚ በአማርኛ ፊደል ራሱን የቻለ ምልክት የሌለው ድምፅ ስላለው፣ ቋንቋውን የማያውቅ ጸሐፊ የሰውንም የቦታንም ስም እንደ ጆሮው ይጽፈው ነበር። አንድ ዘማች በሦስት ወረቀት ላይ ሦስት ሰው ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ቦታ። ዘማቹ ሲመዘገብ «ጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ አገው ምድር አውራጃ» ተብሎ ተጽፏል። ዛሬ በእጁ ያለው መታወቂያ «አማራ ክልል፣ አዊ ብሔረሰብ ዞን» ይላል። የዛሬዋ እንጅባራ ከተማ በቀድሞ ሰዎች አነጋገር ኮሶበር ናት። መተከል ደግሞ ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ይገኛል። ሰውየው ከተወለደበት መንደር ሳይነቃነቅ የትውልድ ቦታው በወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ይህን የማያውቅ ወይም ማወቅ የማይፈልግ ሹም «ማስረጃህ አይገናኝም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል።

ስለ ዘመን። የእኛ አቆጣጠር ከአውሮፓውያኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያንሳል። ይህ ልዩነት ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል የቃኘው ሻለቃ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

የቃኘው ሻለቃ ትምህርት

ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦር ስያሜ የተወሰደው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ኮሪያ ደረሰ። ተከታትለው የዘመቱት ሻለቆች ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ሲዋጉ 122 ሰዎች ሞተውባቸው 536 ቆስለውባቸዋል፤ ለጠላት የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። ለዘማቾቹ ከኢትዮጵያ መንግሥት፣ ከተባበሩት መንግሥታትና ከኮሪያ ሪፐብሊክ የዘመቻ ሜዳዮች ተሰጥተዋል። ከመካከላቸውም የአሜሪካን የጀግንነት ሜዳይ የተሸለሙ ነበሩ።

የኮሪያ ጦርነት የተካሄደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1950 እስከ 1953 ነው። ዘማቹ በእጁ የያዘው ወረቀት ግን «ግንቦት 1943» ይላል። አቆጣጠራችንን የማያውቅ የውጭ አገር መዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን ሲያይ ወረቀቱን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጋር ሊያገናኘውና «ይህ ሰው የኮሪያ ዘማች አይደለም» ሊል ይችላል። በተጨማሪም በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም፤ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል። የውጭው ጸሐፊ ግን የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ መዝገቡን በዚያ ያስቀምጠዋል። «ጸ»፣ «ጨ»፣ «ጠ» የመሳሰሉት ድምፆች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ደግሞ የአንድ ሰው ስም በአራት መልክ ይወጣል። ዘማቹ በስሙ ሲፈለግ ይታጣል፤ የታጣው ግን ባለመኖሩ ሳይሆን በሌላ ስም በመቀመጡ ነው።

ከዚህ ጋር የፖለቲካው ነፋስ አለ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት ሲመሠርት፣ ለደቡብ ወገን የተዋጋው የቃኘው ሻለቃ ታሪክ በአደባባይ የሚነገርበት ዕድል ጠበበ። ሜዳዩን ከሣጥን ሥር የሚያስቀምጥ ሰው ስሕተቱ ይታረምልኝ ብሎ ለማመልከት የሚደፍርበት ጊዜ አልነበረም። መንግሥት ሲለወጥ ጀግናም አብሮ ሊለወጥ አይገባውም ነበር።

ከካራማራ በኋላ

ይኸው ሁኔታ በኋለኛው ዘመን ተደግሟል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ ሲመከት፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተነሣው ሚሊሺያ በጥቂት ወራት ውስጥ በታጠቅ ጦር ሠፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። መንግሥት በጊዜው የሠለጠነውን ሕዝባዊ ሠራዊት ቁጥር 300 ሺህ ብሎ ነበር። ከእርሻው ተነሥቶ በጥድፊያ የተመዘገበና በጥድፊያ የዘመተ ሠራዊት መዝገብ ጉድለት ቢገኝበት የሚያስደንቅ አይሆንም።

አውሮፕላን አብራሪው ለገሰ ተፈራ በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት ቆይቶ በ1980 ዓ.ም. ሲመለስ የኅብረተሰባዊት ኢትዮጵያ የጀግንነት ሜዳይ ተሸልሟል። ሽልማቱ ተገቢ ነበር። የአንድ አብራሪ ስም፣ የበረራ ቁጥርና የወደቀበት ቦታ የሚታወቅ በመሆኑ ታሪኩ በዓመታት ርዝመት አልጠፋም። በአንጻሩ በአንድ ምሽግ ውስጥ የጦር ጓዶቹ በሙሉ የሞቱበት ሚሊሺያ ማን አየኝ ብሎ ይመሰክር? ጀግንነቱ በጨመረ ቁጥር ምስክሩ ይቀንሳል። ቅራኔው እዚህ ላይ ነው፤ ውጊያው እጅግ በከፋበት ቦታ መዝገቡ እጅግ የሳሳ ይሆናል።

በ1983 ዓ.ም. ያ ሠራዊት በፈረሰ ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደየመንደራቸው ተመለሱ። የቀድሞውን ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ ብዙዎችን መዝግቧል። የመቋቋሚያ ምዝገባ ግን የተጋድሎ ምዝገባ አይደለም። ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለቀለብ የተመዘገበ ሰው ያ ወረቀቱ በየትኛው ምሽግ እንደቆሰለ አይናገርለትም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ በ1946 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መሠረት የጦር ኃይሎቿ መዝገብ አራሚ ቦርዶች አቋቁመዋል። አንድ የቀድሞ ወታደር ስሕተቱን ባወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ሆኖም ፍትሕ የሚጠይቅ ሆኖ ሲገኝ ቦርዱ የጊዜ ገደቡን ሊያነሣ ይችላል። ሐምሌ 12 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ቤት ላይ በተነሣ ቃጠሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ፋይሎች ወደሙ። ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ «ተቃጥሏል» ብለው አልተቀመጡም። ከደመወዝ መክፈያ፣ ከሆስፒታል መዝገብና ከየክፍሉ የዕለት ሪፖርት እየለቀሙ የዘማቾችን ታሪክ መልሰው መገንባት ጀመሩ።

የመዝገብ በደል ግን በእሳት ብቻ አይመጣም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተዋጉት ጥቁር አሜሪካውያን መካከል ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ በጊዜው ያገኘ አንድም አልነበረም። ጉዳዩ እንደገና ተመርምሮ ሰባቱ ሽልማቱን ያገኙት በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ሜዳዩን በሕይወት ተገኝቶ የተቀበለው በጣሊያን ግንባር የተዋጋው ቬርነን ቤከር ብቻ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋው ሄንሪ ጆንሰን ደግሞ በ1929 ሞቶ ሽልማቱ የተሰጠው በ2015 ነው። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ መዝገብ የኅብረተሰቡን አድልዎ ይሸከማል። ሁለተኛ፣ እርማት ሲዘገይ ሜዳዩ ወደ ደረት ሳይሆን ወደ መቃብር ይሄዳል።

የሐሰት ምስክርነት አደጋ

በዚህ አጋጣሚ ሳይነሣ ሊታለፍ የማይገባው የሐሰተኛ ይገባኛል ባዮች ጉዳይ ነው። ከነፃነት በኋላ ለጠላት ያደረ ሰው አርበኛ ነኝ ብሎ ሲቀርብ እንደታየው ሁሉ፣ ዛሬም ሳይዘምት ዘማች የሚሆን አይታጣም። የሐሰተኛው ዘማች ጉዳት መንግሥትን ማታለሉ ብቻ አይደለም። እውነተኛው ሲመጣ በጥርጣሬ ዐይን እንዲታይ ማድረጉ ነው። ስለሆነም ጥብቅ ምርመራ የእውነተኛው ዘማች ወዳጅ እንጂ ጠላት አይደለም።

ይሁን እንጂ ጥብቅነት ማለት በር መዝጋት ማለት አይደለም። በጦር ሜዳ የነበረ ሰው የሚያውቃቸው ነገሮች አሉ፤ የአዛዡን ጠባይ፣ ውሃ የተቀዳበትን ወንዝ፣ የጎረቤት ክፍሉን መጠሪያ፣ ቁስለኛ የወጣበትን መንገድ ያውቃል። ሁለት ዘማቾች ተለያይተው ሲጠየቁ ቃላቸው በዋናው ነገር ላይ ከገጠመ፣ በጥቃቅኑ ላይ ግን እንደ ሰው ትዝታ ጥቂት ከተለያየ፣ ምስክርነቱ ሊታመን የሚገባው ነው። በአንጻሩ በቃል የተጠና ይመስል ከፊደል እስከ ፊደል አንድ የሆነ ምስክርነት ይበልጥ ሊጠረጠር ይገባል።

ከኅብረተሰቡ ምን ይጠበቃል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ፣ ይህን ጉዳይ ለመዝገብ ቤቶች ብቻ ትቶ መቀመጥ አይገባም። የዘማቹን እውነት ከማንም ይበልጥ የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ናቸው። ሲዘምት ያረሱለት፣ ቆስሎ ሲመለስ ያስታመሙት፣ ሌሊት በሕልሙ ሲጮኽ የሰሙት እነርሱ ናቸው። በመሆኑም የቀበሌ ነዋሪዎች፣ የዕድርና የሠራተኛ ማኅበራት አባላት የሚከተሉትን ሊያደርጉ ይችላሉ።

1ኛ/ በየመንደሩ በሕይወት ያሉትን ዘማቾች በስማቸው፣ በክርስትና ስማቸውና በጦር ሜዳ መጠሪያቸው መመዝገብ። የክፍላቸውን፣ የአዛዣቸውንና የዘመቱበትን ቦታ ስም እንደሚያስታውሱት መጻፍ።

2ኛ/ ዘመኑን በኢትዮጵያም በአውሮፓውያንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስፈር። የትውልድ ቦታውን በቀድሞውም በዛሬውም መጠሪያ መጻፍ።

3ኛ/ ፎቶግራፍ፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የፈቃድ ደብዳቤና አሮጌ መታወቂያ ሳይቀደድና ሳይጣል እንዲጠበቅ ማድረግ፤ ዋናውን በእጅ ይዞ ለአመልካቹ ቅጂውን ብቻ እንዲሰጥ መምከር።

4ኛ/ በአንድ ክፍል የነበሩ ዘማቾች በሕይወት ሳሉ አንዱ ለሌላው የጽሑፍ ምስክርነት እንዲሰጥ ማገናኘት። ምስክር ከሞተ በኋላ የሚደረግ ፍለጋ ፍሬ የለውም።

ይህን ለማድረግ አዊ አዲስ ድርጅት መፍጠር አያስፈልገውም። በ1932 ዓ.ም. ጠላት ገና ከአገር ሳይወጣ የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የአድዋን ድልና በዚያ ጦርነት የዋሉ አባቶችንና ፈረሶችን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ያስባል። አባላቱ ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ ናቸው። ተዋግቶ የወደቀን ፈረስ ሳይረሳ ለትውልድ ያቆየ ሕዝብ፣ በዚያ ፈረስ ላይ የተቀመጠውን ሰው የልጅ ልጅ ስም አስተካክሎ መጻፍ አይሳነውም። ማኅበሩ በየአጥቢያው ያለው መዋቅርና በአባላቱ ዘንድ ያለው አመኔታ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ መሣሪያ ነው።

የአምስቱ ዓመት አርበኞች ትውልድ በአብዛኛው አልፏል። ወደ ኮሪያ የዘመቱት በጣት የሚቆጠሩ ቀርተዋል። በ1970 ዓ.ም. ወጣት የነበሩት የካራማራ ዘማቾች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች የሚደረገው የመዝገብ እርማት ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም። የመንግሥት መዝገብ ቤቶች ማመልከቻን እንደ ልመና ሳይሆን እንደ ዕዳ መጠየቂያ ሊቀበሉት ይገባል። ኅብረተሰቡም ምስክርነቱን ሳይጠየቅ ሊሰጥ ይገባል። ሜዳዩ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ቢሆንም፣ ሳይመዘገብ ያለፈው የመንደሩ ሰው ሁሉ በዚያ ስም ውስጥ አብሮ ይጠራልና።